አምስት ቁራጭ መስታወት

ነገ አርብ እንደሚሆን በመለከት ታወጀ።

ዘመኑ ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ወሩ የካቲት፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ቡታጅራ ላይ ከጣሊያኑ ገዥ ቤት ከሬዚዴንሳው ፊት ባለው ሜዳ ለጣሊያን ያደረ ሠላሳ አስካሪ ወታደር ጠመንጃውን አቅንቶ ቆመ፤ ባንዲራው ተሰቀለ፤ መለከተኛው ሦስት ጊዜ ነፋ። ከዚያ አስተርጓሚው ካሳሁን ጉሮሮውን ጠርጎ ከወረቀት ላይ አነበበ።

«ስሙ! የሰማህ ላልሰማ ንገር! ነገ አርብ ነው። አርብም እንደ ወትሮው የቡታጅራ ገበያ ይውላል። ቅቤ ያለው ቅቤውን፣ በግ ያለው በጉን ይዞ ይምጣ። ከገበያ የቀረ በብርቱ ይቀጣል።»

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። ከድጄ የምትባል የቅቤ ነጋዴ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ፣ «ትናንት እኮ ረቡዕ ነበር» አለቻት። «ማንም ሳያውጀው ነው ዝም ብሎ የዋለው።»

አዋጁ ያላነሣው ነገር ቢኖር ማክሰኞን ነው። ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከዘቢዳር ተራራ በኩል የከባድ መኪና ጉርምርምታ የመሰለ ድምፅ መጣ፤ መኪናው ግን አልመጣም። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የአስካሪው ካምፕ የድንጋይ ግድግዳ ምሳ በልተው በተኙት ላይ ወድቆ ዘጠኝ ሰው ገደለ። ቀረጥ ቤቱ በጸሐፊውና በሚዛኑ ላይ ተደረመሰ፤ ሚዛኑ ተረፈ። የሞተው ሁሉ በድንጋይና በሲሚንቶ የሞተ ነበር። የአገሬው ክብ ቤቶች ግን ውሃ እንደነካው ውሻ አንዴ ተራግፈው፣ የዓመት ጥቀርሻቸውን በባለቤቶቻቸው ላይ አፍስሰው፣ መልሰው ቆሙ።

የቡታጅራው ሬዚዴንቴ ካፒቴን ማልቬዚ በሩብ ሰዓት ውስጥ ለአዲስ አበባ ቴሌግራም አደረገ፦ «በመንግሥት ሕንፃዎች ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» ቴሌግራሙ ሲላክ አቧራው ገና አልተገለጠም ነበርና ካፒቴኑ ዋሸ ማለት አይቻልም። አላየም እንጂ።

አዲስ አበባ ግን ጉዳት አለመኖሩን በዓይናቸው የሚያዩ ሁለት የሕንፃ ባለሙያዎች ላከች። አንደኛው ሲኞር ቴዳልዲ የሚባል፣ ጺሙ የሸበተ ሽማግሌ አርክቴክት ነበር። በወጣትነቱ መሲና የምትባለው ከተማቸው በመሬት መንቀጥቀጥ ስትጠፋ ፍርስራሿን ለክቷል ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ጣራ ሥር ሲገባ አስቀድሞ ወደ ላይ ያያል። ሁለተኛው ቀያሹ፣ ጆሜትራ ኮንቲ ነው፤ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ጎልማሳ፤ ወደ ላይ አያይም። ሽማግሌው የነሐስ ቱንቢና በጥጥ የታሸገ ቁራጭ መስታወት ያለበት ጠፍጣፋ ሣጥን ይዞ መጣ። ኮንቲ ያመጣው ሁለት ባልዲ ቀለም ነው፤ ነጭና ቀይ። ነጭ የተቀባ ይቆማል። ቀይ የተቀባ ይፈርሳል።

ካፒቴኑ ሥራውን አቃለለላቸው። «የመንግሥቱ ቤት ሁሉ ደህና መሆኑን በቴሌግራም አስታውቄያለሁ» አላቸው። «ስለዚህ ቀዩን ለሌላው ተጠቀሙበት። ከሬዚዴንሳው ዙሪያ እስከ ሁለት መቶ እርምጃ ድረስ ያለው የአገሬው ቤት አደገኛ ነው።»

ባለፈው ወር ከእነዚያ ቤቶች ጓሮ፣ ከእንሰቱ ውስጥ፣ አንድ ጥይት መጥቶ የዘብ ጠባቂ ገድሎበታል። በእርግጥም አደገኛ ነበሩ።

አዋጁ እንዳበቃ የቤቶቹ ምርመራ ተጀመረ። ካሳሁን በሁለቱ ባለሙያዎች መሐል ሆኖ፣ የአስካሪው አለቃ ሹምባሽ ሙስተፋ አሥር አስካሪና የጉማሬ ቆዳ ኩርባጁን ይዞ ከኋላ፣ ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ካሳሁን አባቱ ከመንዝ የመጣ ጸሐፊ ነው፤ እሱ ግን ቡታጅራ ተወልዶ፣ እምድብር ሚሲዮን ቋንቋ ተምሮ፣ አሁን ሦስት ነገር ነበረው፦ የወር ደመወዝ፣ ካፒቴኑ የሰጠው ያገለገለ ጫማ፣ እና ሰው የተናገረውን ሳያስከፋ የማሳጠር ስጦታ።

ሦስተኛው ቤት የከድጄ ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች ከበሩ ላይ። መልስ ሲጠፋ፣ «ለነገሩ እኔ ለራሴ ነው ያልኩት» አለች።

ቴዳልዲ ጎንበስ ብሎ ገባ። መሐሉ ላይ ያለውን ምሰሶ በመዳፉ ዳሰሰው፤ የሰው ወገብ የሚያህል ዝግባ ነው። ቱንቢውን ከምሰሶው አናት አንጠለጠለና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ገመድ ገመዱን፣ ማገር ማገሩን እያየ ብዙ ተናገረ።

«ምን እያለ ነው ሽማግሌው?»

«ቤትሽ ቀጥ ያለ ነው ይላል። ሲነቃነቅ እንዳይሰበር ሆኖ ነው የታሰረው፤ የሠራውን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር ይላል።»

«ዱባለ ነው የሠራው። ታዲያ ያኛው ለምን ቀይ ይቀባል?»

ኮንቲ በሩ ላይ ቀይ መስቀል እየሠራ ነበር።

«ያኛው... አደገኛ ነው ይላል።»

«ለማን?»

ካሳሁን ይህን አልተረጎመውም። ሙስተፋ ኩርባጁን አንዴ አነሣ፤ ከድጄ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ልብሷ ተቀደደ፤ በበሩ ፊት ወደቀች። ባሏ ከድሮ ውስጥ ነበር። ከድሮ አንድ እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ነው፤ ምሰሶውን ተደግፎ ተቀምጦ፣ «ውጣ» ሲሉት ምሰሶውን አቀፈው።

«እግሬን እያያችሁ» አለ። «እስክነሣ ትንሽ ታገሡኝ።»

ካሳሁን አፉን ከፈተ። ለኮንቲ ይሆን ለሹምባሽ፣ ለማን እንደሚተረጉመው ሲያስብ ሙስተፋ በሩ ላይ ቆሞ ሁለቴ ተኮሰ። ከድሮ ምሰሶውን እንዳቀፈ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ ደሙ ዝግባው ላይ ቀረ። አስካሪዎቹ ሣር ክዳኑ ላይ እሳት ለኮሱበት። ከድጄ በሆዷ እየተሳበች ልትገባ ስትል ሁለት ሰው እግሯን ይዞ ጎተታት፤ ጥፍሮቿ በሜዳው ሣር ላይ መስመር አወጡ። እስከ እኩለ ቀን አሥራ አራት ቤት ተቃጠለ። ክዳኑና ግድግዳው ዐመድ ሲሆን ምሰሶዎቹ ብቻ ከስለው ቆመው ቀሩ። ኮንቲ በደብተሩ ላይ «ፈርሰዋል» ብሎ ጻፈ። ቴዳልዲ ቱንቢውን እንደ መቁጠሪያ እየጠቀለለ፣ «ሁሉም ቀጥ ብለዋል» አለ፤ ማንም አልጠየቀውም።

ካሳሁን ከዚያ በኋላ ከጫማው ላይ ዐመድ ለማራገፍ ብዙ ጊዜ ወሰደ።

ሬዚዴንሳው ስንጥቅ እንደሌለበት ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ምክንያቱም ስንጥቁ ላይ ትልቅ ባንዲራ ተሰቅሎበታል። ቴዳልዲ በዱላው ጫፍ ባንዲራውን ገለጠው። ከመሠረቱ ተነሥቶ እስከ ፎቁ በረንዳ ድረስ ሁለት ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ግድግዳውን ከፍሎታል። ወደ ታች በሄደ ቁጥር ይሰፋል።

«ይህስ?» አለ ሽማግሌው።

ካፒቴን ማልቬዚ አልደነገጠም። አስቦበት ነበር። «መሬት መንቀጥቀጡ የመንግሥት ሕንፃ አልነካም። ይህ የታወቀ ነው። እንግዲያው ይህን ያደረገው ሰው ነው። ሰውየውም ተይዟል።»

የተያዘው ዱባለ ነበር፤ የከድጄን ቤትና ከቡታጅራ እስከ ጥያ ያሉትን የብዙ ሰዎች ቤት የሠራው የሶዶው አናጢ። ሬዚዴንሳው ሲሠራ ድንጋይ የሚሸከመው የግዳጅ ሠራተኛ አለቃ ያደረጉት እሱን ነው። መሠረቱን ሆን ብሎ አበላሽቷል ተብሎ ረቡዕ ታሰረ፤ አርብ በስድስት ሰዓት ይሰቀላል። አርብ አርብ መሆኑ ለምን በመለከት እንደታወጀ ካሳሁን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ካፒቴኑ ተመልካች ያስፈልገው ነበር።

«ፈርም» አለ ካፒቴኑ፣ ወረቀቱን ለቴዳልዲ እየሰጠ። «ስንጥቁ የሰው እጅ ነው በል።» አዲስ አበባ የምትቀበለው የሽማግሌውን ፊርማ ብቻ ነው።

ቴዳልዲ በመልሱ ፈንታ ሣጥኑን ከፈተ። የጣት ርዝመት ያላቸው አምስት ቁራጭ መስታወቶች አወጣ፤ ጀሶ በውሃ አቦክቶ፣ ከታች እስከ ላይ ስንጥቁን እያሻገረ ለጠፋቸው። ጀሶው ላይ ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ጻፈ።

«እስከ ነገ ስድስት ሰዓት አንዱም ካልተሰበረ ግድግዳው ጸጥ ብሏል ማለት ነው፤ የሰው እጅ ነው ብዬ እፈርማለሁ» አለ። «ከተሰበሩ ግን መሬቱ ከሥር እየሸሸ ነው። እሱን በመዶሻ የሚያደርግ ሰው አልተፈጠረም። ሰውየውን ትለቃለህ።»

«ይህ ሕንፃ ሺህ ዓመት ይቆማል» አለ ካፒቴኑ።

«እኔ የምጠይቅህ እስከ ነገ ምሳ ነው።»

ካፒቴኑ ሳቀ፤ እሺ አለ። መስታወቶቹን ማንም እንዳይነካ ሙስተፋን ዘብ አቆመባቸው።

ካሳሁን ግን አልሳቀም። መሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ ከጣሊያን ወገን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከስምንት ወር በፊት ነው። ካፒቴኑ እንሰቱ የተመነጠረ፣ ሰዎቹ የተባረሩበት አንድ ሰፊ ጓሮ መሐል ቆሞ፣ «እዚህ ላይ ነው» ብሎ በዱላው ምልክት አደረገ። ዱባለ ቆቡን አውልቆ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ ሥር የሰባት ቤተሰብ የቆጮ ጉድጓድ አለ» አለ። «ሦስቱ እንደ ሞሉ ናቸው። የሰው ቁመት ይውጣል እኮ። ድንጋይ አይችልም፤ ይሰምጣል።» እንሰት የሚበላ አገር ሁሉ ቆጮውን በቅጠል ጠቅልሎ ጓሮው ውስጥ ይቀብራል፤ ዓመት በቆየ ቁጥር ያምራል፤ ቤት ሲሠራ ጉድጓድ የት እንዳለ መጠየቅ ሕፃን የማይስተው ነገር ነው። ያን ቀን ጠዋት ግን ካፒቴኑ ሾርባ ጨው በዛበት ብሎ ወጥ ቤቱን አፍንጫውን ሰብሮት ነበር። ካሳሁን የወጥ ቤቱን አፍንጫ አስታወሰና እንዲህ ሲል ተረጎመ፦ «ቦታው መልካም ነው ይላል።»

ከሰዓት በኋላ ካሳሁን የእምነት ቃል ወረቀትና የጣት ቀለም ተሰጥቶት ወደ እስር ቤቱ ተላከ።

ዱባለ በደረቱ ተኝቷል። ጀርባው ጀርባ አይመስልም፤ ዝንብ ወርሶታል። አንድ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል።

«ካሳሁን ነህ» አለ ቀና ሳይል። «በጫማህ ነው ያወቅኩህ። የሞተ ሰው ጫማ ነው አይደል?»

«ካፒቴኑ ናቸው የሰጡኝ፣ አያ ዱባለ።»

«የሞተ ሰው ነው እንግዲህ።»

ካሳሁን ተንበረከከ። «ጣትዎን ያትሙ ነው የሚሉት። ግድግዳውን እኔ አበላሸሁ ብለው።»

«ካተምኩ አይሰቅሉኝም?»

«ይሰቅሉዎታል።»

«ካላተምኩስ?»

«ይሰቅሉዎታል።»

«ታዲያ ጣቴን ለምን አቆሽሻለሁ?»

ካሳሁን በወረቀቱ ዝንቦቹን አባረረለት።

«እንዲያው» አለ ዱባለ፣ «ያን ቀን፣ እኔ ሰባት ጉድጓድ አለ ስል፣ አንተ ምን ብለህ ነበር የነገርካቸው?»

ካሳሁን የቀለሙን ቆርቆሮ ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። «ቦታው መልካም ነው ይላል... ብዬ።»

የዱባለ ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ካሳሁን የሚያለቅስ መሰለው። የሚስቅ ነበር፤ ሳቁ ጀርባውን ስላመመው እያቃሰተ ነው የሳቀው።

«አሳጥረኸዋል» አለ።

«አያ ዱባለ፣ ይቅር ይበሉኝ። አሁን ብነግራቸው እኔንም...»

«ይሰቅሉሃል፤ ገብቶኛል። አትንገራቸው። ገመዱ ከየት ነው የሚንጠለጠለው?»

«ከበረንዳው ጣራ ወራጅ ላይ። ገበያው ሁሉ እንዲያይ።»

«በረንዳው ላይ ስንት ሰው ይወጣል?»

«ካፒቴኑ፣ ሹምባሽ ሙስተፋ፣ እኔ።»

«ያንሳል።»

«ምን አሉ?»

«ስድሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ለእኔ ሞት ሦስት ሰው ያንሳል።» ዱባለ ደህናውን ዓይኑን ወደ ካሳሁን አዞረ። «የበረንዳው የግራ ዓምድ የቆመው የከድሮ አባት ጉድጓድ ላይ ነው። ሞልተው ነው የቀበሩት። እስካሁን የያዘው የአፈሩ ቅርፊት ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ። አሁን የሚፈልገው ሸክም ብቻ ነው። አንተ አስተርጓሚ አይደለህ? ንገራቸው። በዚህ አገር ያለ አጀብ የተሰጠ ፍርድ አይከበርም በላቸው። አስካሪው ይውጣ። ባላባቱም ይውጡ። መትረየሱን ከነአሸዋ ከረጢቱ ያውጡት፤ ያምራል።»

«እርስዎም እኮ እዚያው ላይ ነዎት። ቢደረመስ...»

«እኔማ በገመድ ተይዣለሁ» አለ ዱባለ። «የምወድቅበት የለኝም።»

ካሳሁን ወረቀቱን ይዞ ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። «ከድሮ ዛሬ ጠዋት...»

«ሁለት ጥይት ነበር» አለ ዱባለ። «ቆጥሬአለሁ። ሂድ በል፤ ሥራህን ሥራ። ደግሞ ይህችን እንዳታሳጥራት።»

ካሳሁን አላሳጠራትም። እንዲያውም ጨመረባት። ካፒቴኑ ሐሳቡን እጅግ ወደደው፤ ጉራጌ ግርማ ይወዳል ብሎ ለኮንቲ አስረዳው።

አርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሜዳው ሞላ። በጉ ነበር፤ ቅቤው ነበር፤ የሚገዛ ግን አልነበረም። ከድጄ ከተቀደደው ልብሷ ላይ የባሏን ጋቢ ደርባ ከፊት ቆማለች። የዱባለ ሚስት ወርቅውሃ ከሜዳው ማዶ ቤቷ በር ላይ ነበረች። ቤቷ ቀይ መስቀል ተቀብቶ ባለቤቱ ከተሰቀለ በኋላ እንዲቃጠል ለቅዳሜ ተይዟል፤ በሁለት መቶ እርምጃ ውስጥ የቀረውም እሱ ብቻ ነው። ቴዳልዲ የኪስ ሰዓቱን ይዞ ከግድግዳው ሥር፣ ከመስታወቶቹ ፊት ለፊት ቆመ። አምስቱም ደህና ነበሩ።

በረንዳው ላይ አሥራ ሁለት አስካሪ ወጣ። መትረየሱ በአራት ሰው ወጣ፤ ከረጢቱ ተደረደረ። ኮንቲ ወጣ። ግራዝማች ሀብተወልድ የሚባሉት ባላባት፣ የጣሊያን ሜዳሊያቸውን አድርገው፣ ሰፊ ሆዳቸውን አስቀድመው፣ ደረጃ ደረጃው ላይ እየተነፈሱ ወጡ። ካሳሁን ቆጠረ። ዱባለን አምጥተው በርጩማ ላይ አቆሙት፤ ገመዱን አንገቱ ላይ አጠለቁለት። እጁ ወደኋላ ታስሯል።

ካፒቴኑ ማንበብ ጀመረ፤ ካሳሁን ይከተላል።

«ይህ ሕንፃ፣ ማንም እንደሚያየው፣ ምንም አልሆነም...»

ጠቅ።

ትንሽ ድምፅ ነበረች፤ ጣት እንደ መሰበር ያለች። ሆኖም ሜዳው ሁሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ከበጎቹ በቀር ያልሰማት አልነበረም።

«ኡኖ» አለ ቴዳልዲ ከታች፣ ሰዓቱን እያየ።

ካሳሁን ሥራው ነውና ለሕዝቡ ተረጎመ። «አንድ።»

ካፒቴኑ ገረመመው፤ ድምፁን ከፍ አደረገ። «...ሆኖም ይህ ከሐዲ መሠረቱን...»

ጠቅ።

«ዱዌ።»

«ሁለት» አለ ካሳሁን። ድምፁ እንደ ትናንቱ አዋጅ ጠንቶ ነበር።

ሦስተኛው ሲሰበር ከጣራው ኖራ ረግፎ የካፒቴኑን ባርኔጣ አለበሰው። የመትረየሱ አንድ እግር በራሱ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ሄደ፤ አስካሪዎቹ ሄዶ ሲያበቃ ተያዩ። አራተኛው ሲሰበር ደግሞ ሽታው መጣ። ከስንጥቁ ሥር፣ ከመሠረቱ፣ ስምንት ወር ሙሉ ድንጋይ ተጭኖት የቆየ፣ የበሰለ የቆጮ ሽታ ሜዳውን ሞላው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አመጡ። ሽታውን ሸሽተው አልነበረም። ከሕዝቡ መሐል አንዱ ሽማግሌ በጉራጊኛ የጉድጓዱን ባለቤት ስም በሹክሹክታ ተናገረ፤ ስሙም ከሰው ወደ ሰው ሄደ።

«አሁን!» አለ ካፒቴኑ። «ሙስተፋ፣ አሁን!»

ሙስተፋ በርጩማውን ለመምታት ወደ ዱባለ ግራ መራመድ ነበረበት። እግሩን አሳረፈ፤ ወለሉ ጎበጠለት። እግሩን መለሰ። እንደገና ሞከረ፤ እንደገና መለሰ። በሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁለቴ ሲተኩስ ያልተጠራጠረ ሰውዬ ላብ አጠመቀው።

ካፒቴኑ በሽጉጡ አፈሙዝ ፊቱን ገመሰው። የሙስተፋ ጥርስ ከነደሙ በኮንቲ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ከዚያ ካፒቴኑ ራሱ በርጩማውን ሊረግጥ እግሩን አነሣ፤ ወለሉ አዘንብሎ በርጩማው በአንድ እግሩ ቀረ፤ ገመዱ ተወጠረ፤ ዱባለ በጣቶቹ ጫፍ ቀረ፤ ደህናው ዓይኑ ፈጠጠ።

ጠቅ።

«ቺንኩዌ» አለ ቴዳልዲ።

ካሳሁን «አምስት» ለማለት አልደረሰም። የግራው ዓምድ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች ገባ፤ ተንኮታኩቶ ሳይሆን፣ ሽማግሌ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ቀስ ብሎ። ከረጢቶቹ ተንሸራትተው አጥሩን ሰብረው ታች የነበረ አንድ ዘብ ላይ ወደቁ፤ ሰውየው ከሥራቸው አልተነሣም።

ካፒቴን ማልቬዚ እግሩን መልሶ አወረደ። በጥንቃቄ አወረደው። የእጅ ሰዓቱን አየ።

«የምሳ ሰዓት ነው» አለ።

በክብር ነበር የሄደው። ቀጥ ብሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ በጣቶቹ ጫፍ። ኮንቲ እንደራበው ወዲያው ትዝ አለው። ግራዝማች ሀብተወልድ ሲወጡ ደረጃው የፈጀባቸውን ጊዜ ሲወርዱ አላባከኑም። አስካሪዎቹ ትእዛዝ ጠበቁ፤ ትእዛዙ ታች ስለወረደ ተከትለውት ወረዱ። ሙስተፋ አፉን በእጁ ይዞ የመጨረሻው ሆነ።

ካሳሁን ካራ አውጥቶ መጀመሪያ የአንገቱን፣ ቀጥሎ የእጁን ገመድ ቆረጠ። ዱባለ ተንበርክኮ አየር ሳበ። ሲያስል ደም ወጣ።

«በግራ እንዳትረግጥ» አለ ድምፁ እንደ ተመለሰለት። «በእኔ ኋላ ና። እዚህኛው ወራጅ ላይ። አሁን እዚያ።»

በጓሮው ደረጃ ወረዱ። ሕዝቡ ተከፈተ፤ ከድጄ ጋቢውን አውልቃ ዱባለ ላይ ጣለችው፤ ሕዝቡ ተዘጋ። ካሳሁን አብሮት አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር። ዱባለ በክንዱ መለሰው። «አንተ ቁም። ገና የምትተረጉመው ይኖራል» አለው፤ ከበጎቹ በስተጀርባም ጠፋ።

ከምሳ በኋላ እስረኛው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መጠየቅ አይቻልም ነበር። እስረኛው የጠፋው ዘቦቹ ስለወረዱ ነው፤ ዘቦቹ የወረዱት ሕንፃው ስለሰመጠ ነው፤ ሕንፃው ደግሞ ምንም አልሆነም። ቴዳልዲ አምስቱን ስብርባሪ መስታወት በጥጥ ጠቅልሎ ሣጥኑ ውስጥ አኖረ። ወረቀቱን ሳይፈርም መለሰ፤ ካፒቴኑ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

አሥር ሰዓት ሆነ። ገበያተኛው አልተበተነም፤ ከገበያ የቀረ ይቀጣል ተብሏላ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አራት አስካሪ አንድ የብረት አልጋ ተሸክሞ ከሬዚዴንሳው ወጣ። አልጋው ሜዳውን አቋረጠ። ከአልጋው ኋላ ካፒቴን ማልቬዚ፣ ከካፒቴኑ ኋላ ካሳሁን። ነጭ ሰው በአገሬው ጣራ ሥር እንዳያድር የሚከለክለውን አዋጅ በኅዳር ወር ለዚህ ሕዝብ ያነበበው ካሳሁን ራሱ ነበር፤ ያኔም መለከት ተነፍቶለታል።

አልጋው የወርቅውሃ በር ላይ ቆመ። በሩ ላይ ቀዩ መስቀል ገና ያብረቀርቃል። ወርቅውሃ እጇን አጣምራ አልጋውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ማደሪያ ነው እትዬ ወርቅውሃ።»

«ይህ ቤት እኮ አደገኛ ነው ተብሏል። ቀይ ቀብተውታል። ሊወድቅባቸው ይችላል በላቸው።»

ካሳሁን ቃል በቃል ተረጎመ። አንዲት ነገር አላሳጠረም፤ ቀዩንም አልተወም።

ካፒቴኑ ከበሩ ፊት ብዙ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ኖራው ገና አልረገፈለትም። አንገቱን አቀርቅሮ በዝቅተኛው በር ገባ። ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ አየ፤ ወፍራሙን የዝግባ ምሰሶ በመዳፉ ገፋ አደረገው፤ አልተነቃነቀም። ከዚያ ለአስካሪዎቹ ብቻ እንዲሰማ አድርጎ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አሉ?» አለች ወርቅውሃ።

ካሳሁን ወደ ሜዳው ዞረ። ጉሮሮውን ጠረገ። በአዋጅ ድምፁ፣ የመጨረሻው በግ ሻጭ እስኪሰማው ድረስ ተረጎመው።

«አልጋዬን ምሰሶው ሥር አድርጉልኝ!»